ጨለም ያሉ አጫጭር ታሪኮች ለምትወዱ፦ የቱን እንግዛ?

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። «ረጅም ልቦለድ የምጨርስበት ጊዜ የለኝም፤ ግን እንቅልፍ የሚነሳ አጭር ታሪክ ጠቁመኝ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። አንዷማ «ደም እንደ ውኃ የሚፈስበት እንዳይሆን፤ ቀስ ብሎ የሚረብሽ ይሁን» ብላ ጨምራለች። ልክ ናት። እኔም የምወደው እንደሱ ያለውን ነው።

መልሱን ላስቀድም። እንግሊዝኛ ማንበብ ካልከበዳችሁ «አዲስ አበባ ኖይር»ን ያዙ። በአማርኛ ብቻ ለምትፈልጉ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

መጽሐፉን ያሰናዳችው መዓዛ መንግሥቴ ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ደግሞ ኒውዮርክ ያለው አካሺክ ቡክስ ነው። የ14 ጸሐፊዎች 14 ታሪኮች አሉበት። ኖይር የሚሉት ወንጀል፣ ክህደትና ጸጸት ያለበትን፣ መጨረሻው ላይም ፍትሕ መጥቶ የማያጽናናውን ታሪክ ነው። ብልጥ መርማሪ ገዳዩን በመጨረሻው ገጽ ላይ አንጠልጥሎ የሚያመጣበት መጽሐፍ የጠበቀ ሰው ግን ይቀየማል። ለእሱ ሌላ መደርደሪያ አለ።

የጸሐፊዎቹ ስብስብ ብቻውን ያስገዛል። በአንድ ወገን በአማርኛ የምናውቃቸው አሉ፤ አዳም ረታ፣ በእውቀቱ ስዩም፣ ሌሊሳ ግርማ። በሌላ ወገን በእንግሊዝኛ የሚጽፉት፤ ራሷ መዓዛ፣ ሜሮን ሀደሮ፣ ማኅተም ሽፈራው፣ ሱሌይማን አዶኒያና ሌሎችም። እነዚህ ሁለት ወገኖች አንድ ጥራዝ ውስጥ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አናይም። አንዱን ወገን የሚያነብ ሌላውን አያነብም። ሜሮን በ2021 እ.ኤ.አ. በሌላ ታሪኳ ለአፍሪካ ጸሐፊዎች አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ወስዳለች፤ ከኢትዮጵያ ጸሐፊዎች የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ካወቃችኋት ፈለጓን መከተል ትችላላችሁ።

አሁን የወደድኩትን ነገር ልንገራችሁ። መጽሐፉ ገና ሲጀምር የከተማዋ ካርታ አለ። ታሪክ በተጻፈበት ሰፈር ሁሉ ላይ የሬሳ ቅርጽ ተቀምጧል፤ ፖሊስ አስፋልት ላይ በጠመኔ የሚስለው ዓይነት። አንባቢ ወዲያው የሚያደርገው የራሱን ሰፈር መፈለግ ነው። እኔም ፈለግኩ። የለም። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅኩም።

ካርታው ጌጥ አይደለም። የመጽሐፉ ኃይል ያለው እዚያው ላይ ነው። ልጅ ሆነን «ጭራቅ መጣ» ሲሉን ብርድ ልብስ ውስጥ እንገባ ነበር። ካደግን በኋላ ጭራቅ ማንንም አያስፈራም። የሚያስፈራን በየቀኑ የምንነካው ነገር ነው። የሊንዳ ዮሐንስ ታሪክ ርዕስ «የቀበሌ መታወቂያ» ነው። የበእውቀቱ «ከሚኒባሱ ጣሪያ ሥር» ይላል። የግርማ ተ. ፋንታዬ ስለ አንድ ገጣሚና ስለ ካፌ ነው። የሱሌይማን ደግሞ በቀጥታ «አንድ ሌሊት በቤላ ሰፈር»። ከነዚህ ርዕሶች ውስጥ የሚያስደነግጥ ቃል የቱ ነው? አንድም የለም። በታክሲ የምታልፉበት መንገድ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው። ለንደን ስለተገደለ ሰው ስታነቡ መጽሐፉን ከድናችሁ ትተኛላችሁ፤ ቤላ ሲሆን ግን በማግስቱ እዚያው ጋ «ወራጅ አለ» ትላላችሁ።

አንድ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው የራሷን የመዓዛን «አቧራ፣ አመድ፣ በረራ» ያንብብ። ስለዚህኛው ትንሽ ልቆይ። ቀይ ሽብር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ስንቱን እንደበላ ታውቃላችሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የተገደሉትን ሰዎች አጽም ቆፍረው እንዲለዩ ከአርጀንቲና ባለሙያዎች መጡ። ለምን ከአርጀንቲና? እነሱም አገር ከ1976 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ሰው አፍኖ ያጠፋ ስለነበር፣ ሥራውን የተማሩት በራሳቸው ሰዎች መቃብር ላይ ነው። ኮተቤ በቆፈሩት የጅምላ መቃብር ውስጥ ከአጽሞቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ አግኝተዋል። ይኼ ልቦለድ አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው።

የመዓዛ ታሪክ የሚነሳው ከዚህ ነው። ብልህነቷ የገዳዩን ክፋት በመዘርዘር ጊዜዋን አለማጥፋቷ ነው። ዓይኗን የጣለችው ከዓመታት በኋላ በመጡት ላይ ነው፤ በሚቆፍሩትና በሚጠብቁት ላይ። ግድያው ካለፈ ብዙ ጊዜው ነው። ጥበቃው ግን አላለፈም። እኔ ጨለማ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። የሜሮን ታሪክም በሌላ መንገድ ወደዚያው ዘመን ይመልሳችኋል፤ አንድ ሰው ለማያውቀው መንገደኛ የቆየ ኃጢአቱን ይናዘዛል። ሁለቱን አከታትላችሁ አንብቧቸው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከዚያ በኋላ መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጎራ በሉ። ፎቶዎቹ ግድግዳውን ሞልተውታል። አጽሞችና ልብሶች በመስታወት ውስጥ አሉ። ከመጽሐፉ በፊት ሳይሆን በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ያኔ የአንድ ሰው ጫማ ፊት ለፊት ብዙ ትቆማላችሁ።

እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ። አንደኛ፣ የ14 ሰው ሥራ ስለሆነ አይተካከልም። ሦስት አራቱ ልክ ሊሞቁ ሲሉ ያልቃሉ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ቦታ እኛ ከእናት ጡት ጋር የጠባነውን ነገር ለፈረንጅ ሲያስረዱ ይሰማል። ያናድዳል፤ ግን ትለምዱታላችሁ። ሦስተኛ፣ በአማርኛ ተጽፈው ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎሙ ታሪኮች አሉ። አዳም ረታን በእንግሊዝኛ ማንበብ ሽሮን በሹካ እንደመብላት ነው፤ ትጠግባላችሁ፣ ግን እጃችሁ ይናፍቃል። እንዲያም ሆኖ የሱ ታሪክ ከምወዳቸው አንዱ ነው። በእውቀቱን ለመሳቅ ብቻ የምታነቡ ደግሞ እዚህ ሌላ ፊቱን ታያላችሁ።

ከሌሎቹ ከተሞች ጋር አወዳድርልን ላላችሁኝ፦ «አዲስ አበባ ኖይር» አካሺክ በየከተማው ስም ከሚያወጣቸው ተከታታይ የኖይር መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ተከታታዩን የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. በብሩክሊን ነው። አሠራሩ አንድ ነው፤ አንድ ከተማ፣ ብዙ ጸሐፊ፣ ለእያንዳንዱ ታሪክ አንድ ሰፈር። ከአፍሪካ ሌጎስና ማራኬሽ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ናይሮቢና አክራ በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። ሩጫና ማጭበርበር የምትወዱ ክሪስ አባኒ ያሰናዳውን ሌጎስን ውሰዱ፤ ከአዲስ አበባው ይፈጥናል፣ ሳቅም አለው። ናይሮቢን ፒተር ኪማኒ ነው ያሰናዳው፤ ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም አለበት። ሁለተኛ መጽሐፍ ግዛ ብትሉኝ እሱን እገዛለሁ፤ ጎረቤትም ስለሆነች የማናውቃት ከተማ አይደለችም። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲሲው አለላችሁ። የኖራችሁበትን ሰፈር በጠመኔ ተስሎ ማየት ነው።

ወደ አማርኛው ልምጣ። እዚህ ላይ የብዙ ደራሲያን ስብስብ ከመፈለግ አንድ ደራሲ መያዝ ይሻላል እላለሁ። የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» በ1941 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ብዙዎች የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልቦለድ ይሉታል። በአንድ ቁጭታ ያልቃል። በሰካራሙ በተበጀ መጀመሪያ ላይ ትስቁበታላችሁ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ግን ሳቃችሁ ያፍራል። ካልተሳሳትኩ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት ስላነበበው ብቻ የናቀው መጽሐፍ ነው። በትልቅ ሰው ዓይን ድገሙት።

ከአዳም ረታ «ማህሌት»ን እመርጣለሁ፤ የ1981 ዓ.ም. የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው። ከ«አዲስ አበባ ኖይር» በፊት ብታነቡት ጥሩ ነው። የሰውየውን እጅ በራሱ ቋንቋ ካወቃችሁ የትርጉሙን ጉድለት ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

«አይ፣ እኔ ረጅምም እችላለሁ» ለሚል «ኦሮማይ» አለ። 1975 ዓ.ም. ታትሞ ተለቅሞ ታገደ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ ቀረ። ከዚህ በላይ የሚረብሽ የመጽሐፍ ታሪክ ማን ይጽፋል?

አሁን የግዢው ነገር። በወረቀት፣ በስልክ ወይስ በውሰት? ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ካርታው በስልክ ላይ ምንም አይታይም። አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያስመጡ ሱቆችን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሳታረጋግጡ ትራንስፖርት አታውጡ። ውጭ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ለገና «ሽቶ ላምጣልሽ ወይ?» ሲል «ተወው፣ መጽሐፍ» በሉት። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም። የኤሌክትሮኒክ ቅጂው ሌላ ጥቅም አለው፤ ያልገባችሁን ቃል ተጭናችሁ ፍቺውን ታያላችሁ። ችግሩ ክፍያው ነው። እዚህ ባለው የባንክ ካርድ ውጭ አገር መክፈል ለብዙዎቻችን አይሆንም፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ዘመድ ይፈልጋል።

ከመንገድ ላይ የምትገዙ ከሆነ ተጠንቀቁ። እኔ አንዴ ፎቶ ኮፒ የሆነ ቅጂ ገጥሞኛል። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ግራጫ ነው። ካርታው ላይ ያሉት የሬሳ ቅርጾች ከመንገዶቹ ጋር ተደባልቀው አንድ የቀለም ጭቃ ሆነዋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጣችሁ እዩ።

ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስጦታ ይሆናል ወይ ያላችሁኝ እናት፣ አይሆንም። ኮሌጅ ለገባችው ግን በደንብ ይሆናል።

ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላክልን ለምትሉኝም፦ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልልክም።