ለታጠበ ቡናችን የሽያጭ መግለጫ የትኞቹ ቃላት ይስማማሉ?

ጥያቄ (ከአጋሮ)

ሰላም ለሁላችሁም። በጅማ ዞን፣ አጋሮ አካባቢ የሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የዘንድሮውን የታጠበ (እሸቱ ተፈልፍሎና ታጥቦ የደረቀ) ቡናችንን ከፊል በዩኒየናችን በኩል ለአውሮፓ ገዢ ለማቅረብ የአንድ ገጽ መግለጫ እያዘጋጀን ነው። የኮሚቴው አባላት «እጅግ ምርጥ፣ ተወዳዳሪ የሌለው፣ በጣም ተፈላጊ የጅማ ቡና» እንዲባል ይፈልጋሉ። እኔ ግን እነዚህ ቃላት ዋጋችንን ከፍ የሚያደርጉ አልመሰለኝም። በዚህ ንግድ ውስጥ የቡናን ዋጋና ተፈላጊነት በእውነት የሚገልጹት ቃላት የትኞቹ ናቸው? «ኦርጋኒክ» እና «የጫካ ቡና» ብንልስ ይጠቅመናል?

መልስ (ቡና ቀማሽ፣ አዲስ አበባ)

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። «ምርጥ» የማይል ሻጭ ስለሌለ ቃሉ ለገዢው የሚነግረው ነገር የለም። ገዢው የሚፈልገው እሱም ናሙናውን አስመጥቶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ቃል ነው። ከእነዚህም የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በአገራችን ምደባ ደረጃ 1 እና 2 በስፔሻሊቲነት (በልዩ ጥራት) ሲታወቁ ከዚያ በታች ያሉት ኮሜርሻል (መደበኛ የንግድ ቡና) ይባላሉ። ሁለተኛው የቅምሻ ነጥብ ሲሆን፣ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና በዓለም ገበያ ስፔሻሊቲ ለመባል ይበቃል። ነገር ግን በ81 እና በ87 መካከል ሰፊ የዋጋ ልዩነት ስላለ «ስፔሻሊቲ» ብሎ ከማቆም ይልቅ ነጥቡን ራሱን፣ ማን እንደቀመሰውም ጨምሮ መጻፍ ይሻላል። የምርት ዘመኑን፣ የእርጥበት መጠኑን እና የእርሻውን ከፍታ አይርሱ።

ስለ ዝርያም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች «ኤርሉም» (heirloom፣ የአገር በቀል ዝርያዎች የጅምላ ስም) ብለው ያልፉታል፤ ይህ ግን ምንም የማይለይ ቃል ነው። በእናንተ አካባቢ 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በብዛት ተተክለዋል። ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 በጅማ የምርምር ማዕከል የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ቁጥሩን ሲያይ መግለጫውን በጥንቃቄ ያነበዋል።

መልስ (በላኪ ድርጅት የሚሠራ)

ከላይ የተባለው ስለ ጥራት ነው፤ ተፈላጊነት ሌላ ጉዳይ ነው። ያልታጠበ የጅማ ደረጃ 5 ቡናን ተመልከቱ። ከአገራችን በብዛት ከሚላኩት አንዱ ስለሆነ ገዢ አያጣም፤ ገበያ አለው፣ ዋጋ ግን አያወጣም። ድርድሩም የሚጀምረው ከኒው ዮርክ ገበያ ዋጋ ላይ ጥቂት ሳንቲም በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። ስለዚህ በመግለጫችሁ «የጅማ ቡና» ብቻ ካላችሁ ገዢው ወዲያው የሚያስበው ይህንኑ ነው። «አጋሮ፣ ጎማ ወረዳ፣ የታጠበ» ብላችሁ ለዩት። «በጣም ተፈላጊ» በሚለው ፋንታም ያለፈው ዓመት ምርታችሁ በሙሉ ተሽጦ ከሆነ ይህንኑ ጻፉ፤ ያው ገዢ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ እሱን አስቀድሙ። «ውድ» የሚለውን አውጡት፤ ውድ መሆኑን የሚወስነው የሚከፍለው ሰው ነው።

መልስ (ሃምቡርግ፣ በቡና አስመጪ ድርጅት)

«ኦርጋኒክ» በአውሮፓ ኅብረት በሕግ የተጠበቀ ቃል ነው። ማዳበሪያ አለመጠቀማችሁ ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቅና ያለው አካል የሰጠው ምስክር ወረቀት ከሌለ በሽያጭ ሰነድ ላይ እንዳይገባ እለምናለሁ። «የጫካ ቡና» ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ በጥልቀት አስቡበት። በጫካ ቡናቸው የታወቁትን የካፋና የያዩ አካባቢዎች የሚያውቁ ደንበኞች ቃሉን ይወዱታል። ይሁንና ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ቡናው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተያዘ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑ በማሳው መገኛ መጋጠሚያ (በጂፒኤስ በሚለካ የቦታ ቁጥር) እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። እርሻችሁ በጥላ ዛፍ ሥር ያለ የጓሮ ወይም ከፊል የጫካ ቡና ከሆነ በትክክለኛ ስሙ ጥሩት፤ የአባሎቻችሁ ማሳ መጋጠሚያ ተመዝግቦ ከሆነም ከሁሉ በፊት አስፍሩት። ዛሬ እኛ ዘንድ ከማንኛውም የሙገሳ ቃል ይልቅ ቡናውን ሊሸጥ የሚችለው ይህ መረጃ ነው።

መልስ (ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቡና ቆልታ የምትሸጥ)

በቁጥሮቹ እስማማለሁ፤ ሆኖም በቁጥር ብቻ የተሞላ ወረቀት ለእኔ ሙሉ አይደለም። ነጥቡ ናሙና እንዳስመጣ ያደርገኛል፤ ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ግን ቡናውን ማን እንዳመረተው ነው። የአባላቱን ቁጥር፣ እሸቱ እንዴት እንደሚለቀምና በማድረቂያ አልጋ ላይ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ከሽያጩ ለገበሬው የሚደርሰውን ድርሻ ጻፉልኝ። የጣዕም መግለጫውንም ከሁለት ወይም ከሦስት ቃል አታሳልፉት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እኅቴ ያነሣችው የገበሬው ድርሻ በረቂቃችን ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። የመግለጫው መክፈቻ አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «የታጠበ፣ ደረጃ 2፣ አጋሮ፣ ጎማ ወረዳ፤ ዝርያ 74110 እና 74112፤ የዘንድሮ ምርት፤ በጥላ ዛፍ ሥር የበቀለ፤ የአባላት ማሳ መጋጠሚያ የተመዘገበ።» የቅምሻ ነጥቡን ውጤቱ ከዩኒየኑ ቤተ ሙከራ እንደደረሰን እንጨምራለን።

መልስ (ቡና ቀማሽ፣ አዲስ አበባ)

ጥሩ ነው። በ60 ኪሎ ጆንያ ስንት እንዳላችሁም አክሉበት፤ ገዢው ቡናውን ቢወድ ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱን ነው።