ከፍለን ያስነሳነው የሠርግ ፎቶ የማን ነው?

አወያይ፦ እንደምን ሰነበታችሁ ወሎዬዎች። የሳምንቱ መከራከሪያ የመጣው ከአንዲት የደሴ እህታችን ነው። ከፍለን ያስነሳነውን የሠርግ ፎቶ ራሳችን በመረጥነው ቤት፣ አቅማችን በሚፈቅደው ዋጋ ማሳተም መብታችን ነው? ወይስ ፎቶ አንሺውን ማስፈቀድ አለብን? የስቱዲዮ ስም አንጠራም። እየተደማመጥን።

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)፦ እህቴን ጥር ላይ ዳርናት። ፎቶውን ያነሳልን እዚሁ ከተማ ያለ ስቱዲዮ ነው። ተዋዋልን፣ ቀብድ ከፈልን፣ አልበሙን ስንረከብ ቀሪውን ጨረስን። አልበሙ እውነት ለመናገር ያምራል። አርባ ፎቶ አለው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ኩታበር ላለችው አያታችን፣ ለሐይቋ አክስታችን፣ ለሚዜዎቹና ባቲ ላሉት የሙሽራው ቤተሰቦች አንዳንድ ፎቶ ማደል ፈለገች። ብንቆጥረው አሥራ አንድ ፎቶ ነው። ስቱዲዮው ለአንዱ የጠየቀን ፒያሳ ያለ ማተሚያ ቤት ከሚያስከፍለው አምስት እጥፍ ነው። "እሺ፣ ሶፍት ኮፒውን ስጡንና እኛ እናሳትም" ስንላቸው ደግሞ ለሠርጉ ከከፈልነው ግማሹን ጠሩብን። ውሉ ላይ ስለ ሶፍት ኮፒ አንዲት ቃል የለችም።

እናቴ አልበሙን መስኮት ስር ዘርግታ በስልኳ አነሳችው። ያንኑ ይዘን አሳተምን። የአልበሙ ገጽ ያብለጨልጫል፤ የመስኮቱ ብርሃን ልክ አባቴ ግንባር ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። አባቴ እህቴን ሲመርቅ የተነሳ ፎቶ ነው። እጁ ይታያል፣ ዓይኑ አይታይም። እናቴ ያንን ለአያታችን መውሰድ አፍራ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለሠርጉ ያወጣነው ገንዘብ ይህን ያህል አልቆጨኝም።

ፎቶ አንሺ (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሙሽሮቹን አላህ በፍቅር ያኑራቸው። ስቱዲዮው የኔ አይደለም። ግን እኔም እንደዚያው ስለምሠራ መልሱን ልስጥ።

የሠርግ ሥራ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ሙሽራዋ ፀጉር ቤት ስትገባ። ከዚያ ሙሽራው ቤት፣ ከዚያ ሐይቅ ዳር ፎቶ ፕሮግራም፣ ማታ አዳራሽ። ቤቴ ስገባ ካሜራው ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ፎቶ አለ። ዓይኑን የጨፈነው፣ የደበዘዘው፣ ሰው ያለፈበት ይወጣል። የቀረው አንድ በአንድ ከለሩ ይስተካከላል። አንዱ ሠርግ ሳምንት ይበላል። ሥራው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ጥር ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ከረመዳን በፊትና በኋላ ነው። ጾም ሲገባ ጉርድ ፎቶ እያነሳን ነው የቤት ኪራይ የምንከፍለው።

አሁን እውነቱን ልናገር። ደንበኛ ሲመጣ "ቀንስ" ይላል። እቀንሳለሁ፤ ካልቀነስኩ ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል። የቀነስኳትን የማካክሳት ከህትመቱ ነው። ሶፍት ኮፒውን በነፃ ሰጠሁ ማለት የሠራሁት በኪሳራ ነው ማለት ነው።

ሌላው ስሜ ነው። የኔን ፎቶ በርካሽ ወረቀት አሳትመው ሳሎን ይሰቅሉታል። የሙሽራዋ ፊት ቲማቲም መስሎ ይወጣል። እንግዳው "ማን ነው ያነሳው?" ሲል የሚጠራው የኔ ስም ነው።

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)፦ ወንድሜ፣ ልፋትህን አልካድኩም። ግን እናንተ ፎቶ አንሺዎች የቀነሳችሁትን ከህትመት እንደምታካክሱ ስንዋዋል ነግራችሁን ታውቃላችሁ? ብትነግሩን ኖሮ አስበን እንወስን ነበር። ሁሉ ካለቀ፣ ፎቶው እናንተ ጋ ከቀረ በኋላ ነው ዋጋው የመጣው። ያን ጊዜ ወዴት እንሄዳለን? ሠርጉን አንደግመው።

ሕግ የተማረ (ወልድያ)፦ እስኪ ሕጉን ላምጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ፎቶግራፍ በአዋጁ ጥበቃ አለው። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት አይቻልም። እዚህ ድረስ ፎቶ አንሺዎች የሚሉት ልክ ነው።

ጥያቄው ባለመብቱ ማን ነው የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው ካሜራውን የያዘው ይመስለዋል። አዋጁ ግን አንድ ሥራ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ ሲሠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የመጀመሪያው ባለመብት ቀጣሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ሠርጉን ያስነሳው ቤተሰብ ደግሞ አዛዥ ነው። ውላችሁ ዝም ካለ ሚዛኑ ወደ እናንተ ያደላል። የፎቶ አንሺው ስም የመጠቀስ መብት ግን ይቀጥላል። እሱን ማንም አይወስድበትም።

አንድ ነገር አትሳቱ። መብቱ የናንተ መሆንና ፋይሉ በእጃችሁ መግባቱ ለየቅል ናቸው። ስቱዲዮው "አልበም ላስረክብ ተዋዋልኩ፣ አስረከብኩ" ሊል ይችላል። ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ርክክቡ በውል ይጻፍ።

ፎቶ አንሺ (ኮምቦልቻ)፦ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ስሠራ ፎቶው የኔ ነው ብዬ ነው የማውቀው።

የባቲ ልጅ (ሜሪላንድ)፦ ከፎቶ አንሺው ጋር ብዙ ሰው እንደዚያ ቢያስብ አይገርመኝም፤ አሜሪካ እንደዚያ ነውና። እዚህ ተቀጣሪ ያልሆነ ፎቶ አንሺ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር መብቱ የራሱ ነው። እኔ ስዳር ያነሳን ባለሙያ ፎቶዎቹን በፍላሽ ሰጠን። ወስጄ ላሳትም ስል ማተሚያ ቤቱ "ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፣ የፈቃድ ወረቀት አምጪ" ብሎ መለሰኝ። ሚዜዎቼን ይዤ የቆምኩበትን ፎቶ! ለፎቶ አንሺው ደወልኩ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላከልኝ፣ ታተመ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

ወንድሜ ያለው ካናዳ ነው። እዚያ ድሮ መብቱ የከፈለው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጉ ተቀየረና ለፎቶ አንሺው ሆነ። ደንበኛው ግን ለግሉ፣ ለንግድ ላልሆነ ነገር እንዲጠቀምበት ተፈቅዶለታል። የናንተ እናት ለአያታችሁ ማደል የፈለጉት ማለት ነው። እኔ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ።

የሐይቅ አባት፦ ልጆቼ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄን በ2012 ዳርኩ። አልበሙ ቤት ነበር። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ቤቱን ጥለን ወጣን። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም ፍራሹም የለም። አልበሙ ጓሮ ተጥሎ ዝናብ በልቶታል። ገጹ ተጣብቆ፣ ለመገንጠል ስንሞክር የባለቤቴ ፊት ከወረቀቱ ጋር ተላጠ። ባለቤቴ ከዚያ በፊት አርፋ ነበር።

ስቱዲዮው ጋ ሮጥኩ። የነሱም ኮምፒውተር ተዘርፏል። ልጁ ከኔ ጋር አለቀሰ።

ሁለተኛዋ ልጄ ጅዳ ናት። በሠርጉ ሰሞን በዋትስአፕ የተላከላት አራት ፎቶ ስልኳ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሠርግ የቀረን የእናታቸው ፎቶ ዛሬ ያ አራቱ ብቻ ነው። ትንንሽ ነው፣ ሲተልቅ ይደበዝዛል። ግን አለ። ፎቶ አንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ ልጆቼ። ዋጋ እያላችሁ አትቆልፉት።

ፎቶ አንሺ (ኮምቦልቻ)፦ አባባ፣ አላህ ይዘንላቸው። የሚመለስ ቃል የለኝም። እኔም በዚያ ጊዜ ሁለት ሃርድ ዲስክ አጥቻለሁ። ስንት ቤት "የኛስ?" እያለ መጥቶ ባዶ እጁን እንደሸኘሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ማተሚያ ቤት የምትሠራ (ደሴ)፦ አባባ፣ እነዚያን አራቱን ልጅዎ ስልኩን ፎርማት ሳታደርገው በፊት በኢሜይል ትላካቸው። በድጋሚ በዋትስአፕ እንዳትልክ፣ ይባስ ያንሳሉ። እኛ በምንችለው እናጠራለን።

ለሌሎቻችሁም፤ በየቀኑ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ሰው በቴሌግራም የተላከለትን ፎቶ ይዞ ይመጣና "በትልቁ አውጪልኝ" ይላል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ሲላክ ነው እንዳለ የሚደርሰው። የፊት መቅላትም የወረቀት ጥፋት ብቻ አይደለም። ለስልክ የተስተካከለ ከለርና ለህትመት የተስተካከለ ይለያያል። ፎቶ አንሺው ለህትመት አዘጋጅቶ ከሰጠ እኛ አናበላሽበትም።

ስለ መብቱ ከጠየቃችሁኝ፣ ከጀርባው የሌላ ስቱዲዮ ማህተም ያለበትን ፎቶ ስካን አድርጊ ስባል ያሳስበኛል። እምቢ ብል እናትን መመለስ ነው። ብሠራ የሰው ሥራ ነው።

ሕግ የተማረ (ወልድያ)፦ ለእህታችን፤ የድሮ ፎቶ ከሆነ አትጨነቂ። የፎቶግራፍ ጥበቃ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በ1980ዎቹ የተነሳ የእናቶቻችን የሠርግ ፎቶ ጊዜው አልፏል። ስካን አድርጊ።

ባለ ሂጃቧ (ደሴ)፦ እናንተ የምታወሩት ስለ ህትመት ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ስቱዲዮ መስታወት ላይ የሚሰቀለውን ላንሳ። በሴቶች ግብዣ ላይ፣ በር ተዘግቶ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ የተነሳሁትን ፎቶ አንድ ስቱዲዮ በሳንቲም መጠን አይደለም፣ በር የሚያህል አሳትሞ መስታወት ላይ ሰቀለው። ያየው የባለቤቴ ወንድም ነው። ሄጄ "አውርዱ" ስል "ሥራችን ነው፣ እናስተዋውቅበታለን" አሉኝ። ታዲያ እኔ ለእናቴ አንድ ላሳትም ስል ፈቃድ የምጠይቅ፣ እነሱ እኔን ለመንገደኛ ሲያሳዩ የማይጠይቁ ለምንድን ነው? እስኪወርድ ሦስት ቀን በዚያ መንገድ አልሄድኩም።

ሕግ የተማረ (ወልድያ)፦ እህቴ፣ ይህ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ካሜራው የማንም ይሁን፣ መልኩ ያንቺ ነው።

ፎቶ አንሺ (ኮምቦልቻ)፦ በዚህ አልከራከርም። ሳይጠይቁ መስቀል ነውር ነው።

በህትመቱም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ በከፊል። ያስተካከልኳቸውን ፎቶዎች በሙሉ ሰጥቼ ዋጋዬን ከመጀመሪያው በግልጽ ብጠራ ይሻላል። ያላስተካከልኳቸውን ሁለት ሺዎቹን ግን አልሰጥም። የጨፈነ ዓይን በስሜ እንዲዞር አልፈልግም።

ሚያዝያ ላይ የምትዳር (ኮምቦልቻ)፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን ዋጋው እንዲጨምር አልፈልግም! አሁንም ተበድረን ነው። እኔ ሃያ ፎቶ ይበቃኛል። ሶፍት ኮፒ የማይፈልግ ሰው ለምን ይከፍላል?

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)፦ እኔም ባለፈው ዓመት እንደዚያ ነበር የምለው። ሃያዎቹንም ቢሆን በፍላሽ ተቀበያቸው እህቴ። አያትሽ ስትጠይቅሽ ታያለሽ።

ፎቶ አንሺ (ኮምቦልቻ)፦ እሺ፣ ሁለት ዋጋ አደርጋለሁ። ብዙ ፎቶ ላለውም ትንሽ ፎቶ ላለውም የተስተካከለው ፋይል ይሰጣል። ውሌ ላይ እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነው፤ ሕግ አዋቂው እየው። "ደንበኛው የተረከባቸውን ፎቶዎች ለቤተሰብ አገልግሎት በፈለገው ቦታ ማሳተም ይችላል። ስቱዲዮው የደንበኛውን ፎቶ ለማስታወቂያ አይጠቀምም።"

ሕግ የተማረ (ወልድያ)፦ ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ "ደንበኛው በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር" ጨምርበት። ፋይሉን የምታስረክብበትን ቀንም ጻፍ። ለስንት ጊዜ አንተ ጋ እንደሚቀመጥም።

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ፍላሽ ይዘን ስቱዲዮው እንሄዳለን። አዋጁን አሳትሜያለሁ። እናቴ ግን "ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው፤ መጀመሪያ ልጁን ቤት ጠርተን ቡና እናጠጣው" ብላለች።