«ገል» የሚለውን ግጥም እንዴት ልተንትነው? እርዱኝ

ሁለተኛ_ዓመት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። አንድ ዘመናዊ ግጥም መርጠን ትእምርቱን (ምሳሌያዊ ምልክቱን) እና የተሰባሪነት ጭብጡን በሁለት ገጽ እንድንተነትን ታዘናል። አርብ አስረክባለሁ። የመረጥኩት ጓደኛዬ የጻፈችውን «ገል» (የሸክላ ስባሪ ማለት ነው) የሚለውን ነው። አልታተመም፤ እንዳሳያችሁ ግን ፈቅዳልኛለች።

*ገል*

እናቴ ጀበናን በሁለት እጅ ያዘች፣
አንገቱን በጣቷ እንደ ልጅ ዳበሰች።
አንድ ቀን በማለዳ
ወደቀ።
ማንም አልጮኸም።
ስባሪውን ለቅማ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ፣
ከሁሉ ሰፊውን ለየች አስቀመጠች።
ማታ እሳት ልትጭር ጎረቤት ተሻግራ፣
ገሉን ከነፍሙ በሁለት እጅ ያዘች።

እስካሁን የጻፍኩት «ጀበናው የሰውን ደካማነት ያመለክታል፤ ሰውም እንደ ሸክላ ይሰበራል» የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር መጨመር አቃተኝ። ሳነበው ግን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ያ ስሜት ከየት እንደሚመጣ ነው ማሳየት ያልቻልኩት።

ግጥም_ወዳጅ፦
እህቴ፣ የቸኮልሽ ይመስለኛል። «ጀበና ማለት ሰው ነው» ካልሽ ነገሩ እዚያው አለቀ። መጀመሪያ ግሦቹን ብቻ ለብቻ ጻፊያቸው። ያዘች፣ ዳበሰች፣ ወደቀ፣ አልጮኸም፣ ለየች፣ አስቀመጠች፣ ያዘች። ጀበናው ራሱ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይወድቃል። ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል የእናት ሥራ ነው።

ደግሞ አስተውይ፤ «ተሰበረ» የሚል ግሥ ግጥሙ ውስጥ የለም። «ጣለችው» የሚልም የለም። ስባሪውን ነው የምናየው እንጂ ስብራቱን አይደለም። ስለ መሰበር የሚያወራ ግጥም መሰበርን በስሙ ካልጠራ፣ አንድ አንቀጽ እሱ ላይ ብቻ ብትጽፊ አይበዛበትም። «ማንም አልጮኸም» የሚለውንም ከዚሁ ጋር አያይዢው። ዕቃ ሲሰበር በየቤታችን ምን እንደሚባል እናውቃለን። እዚህ ቤት አልተባለም።

የወይንሸት_እናት፦
ልጄ፣ እኔ ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም። ገልን ግን አውቀዋለሁ። እኛ ስናድግ ክብሪት እንደ ልብ አልነበረም። እሳት ከጠፋ ገል ይዘን ጎረቤት እንሄዳለን። እናቴ ከሥር አመድ ታደርግበታለች፣ ፍሙን ከላይ፣ እንዳያቃጥለን። የተሰበረ ጀበና ወይም ምጣድ አይጣልም ነበር። ለእሳት መጫሪያ፣ ለዕጣን ማጨሻ ይሆናል። የከተማ ልጆች ገል ሲባል ቆሻሻ ይመስላችኋል። ጓደኛሽ የጻፈችው ግን የሚፈለግ ዕቃ ነው። ሰፊውን መርጣ ማስቀመጧም ለዚህ ነው፤ ጠባቡ ፍም አይዝም።

ሁለተኛ_ዓመት፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገልን እንደ ሬሳ ነበር ያነበብኩት። እንደ መጨረሻ። ለካ ሥራ ጀምሯል!

መምህር_ነኝ፦
እናታችን የነገሩሽን ከልብሽ ያዢው፤ የግጥሙ መዞሪያ እሱ ነው። ሙሉ ሳለ የተሸከመው ቡና ነበር። ተሰብሮ የተሸከመው እሳት ነው። ሸክሙ ከበደ እንጂ አልቀለለም።

አሁን ጆሮሽን ስጪው። ጮክ ብለሽ አንብቢና ቀለሙን፣ ማለትም የቃሉን ክፍለ ድምፅ፣ ቁጠሪ። «እናቴ ጀበናን» ስድስት፣ «በሁለት እጅ ያዘች» ስድስት። ይህ የወል ቤት ነው፣ ስድስት በስድስት፤ ለጆሯችን የታወቀ ምጣኔ። ሁለተኛውም መስመር እንዲሁ ነው፣ ቤትም ይመታል። ሦስተኛው ላይ «አንድ ቀን በማለዳ» ስድስት ይልና ሌላውን ስድስት ስንጠብቅ አይመጣም። የሚመጣው «ወደቀ» ነው፣ ሦስት ቀለም ብቻ። ጀበናው ሲወድቅ ስንኙም አብሮት ወደቀ። ሆድሽን ባር ባር የሚለው ከዚህ ይመስለኛል።

ከ«ማንም አልጮኸም» በኋላ ስድስት በስድስቱ ይመለሳል። ግን ልብ በይ፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተከታትለው ቤት መቱ። መጨረሻ ላይ የሚመታው አንድ እየዘለለ ነው፤ «ብላ» እና «ተሻግራ» አይገጥሙም። ስንኙ ተጠገነ፣ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ይህን ለመጻፍ አትፍሪ፤ በቁጥር የሚታይ ማስረጃ ነው።

ሰም_ፈላጊ፦
እኔ ደግሞ ሰምና ወርቅ ታየኝ። ገል እና ገላ በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። ጀበናንም አንገት፣ ሆድ እያልን በሰው አካል ነው የምንጠራው። ኢዮብም አመድ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን የፋቀው በገል ነው። ይህን ሁሉ ብታስገባው ያምራል።

መምህር_ነኝ፦
ወንድሜ፣ «አንገቱን እንደ ልጅ ዳበሰች» ግጥሙ ውስጥ ስላለ የአካሉ ነገር ጠንካራ ነው። ገል እና ገላ ግን የድምፅ መቀራረብ ብቻ ነው። ግጥሙ ውስጥ ሁለተኛ ትርጉም የሚከፍት ኅብረ ቃል ካልተገኘ ወርቅ ነው ማለት ይከብዳል። ኢዮብን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ይቻላል። ምድጃ ዳር መቀመጧ ያቀርበዋል፤ አመድ የሚል ቃል ግን የለም። ስለዚህ «ያስታውሳል» ይባል እንጂ «ያመለክታል» አይባል። ፈታኙ ወዲያው ይጠይቃታል።

ሁለተኛ_ዓመት፦
መምህር፣ በጣም ነው የማመሰግንዎት። ሌሊቱን መግቢያውን እንደገና ጻፍኩት፦

«ግጥሙ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በአንድ ሐረግ ነው፤ በሁለት እጅ ያዘች። እናት ሙሉውን ጀበና የያዘችበትን ጥንቃቄ ለስባሪውም አልነፈገችውም። በዚህ ግጥም ተሰባሪነት የዕቃው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚይዘውን እጅም ይመለከታል። ግጥሙ የሰውን ደካማነት ያሳየናል።»

እንዴት ነው?

ግጥም_ወዳጅ፦
ወላሂ ደስ ብሎኛል። «በሁለት እጅ» መደገሙን እኔ አላየሁትም ነበር። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አውጪው፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍሽ የተረፈ ነው፣ ከላይ ካልሽው ጋርም አይሄድም። ከዚያ በቀጥታ ወደ «ወደቀ» እለፊ። የእማማን አመድና ፍም ለሁለተኛው ገጽ አቆይው። የቀለም ቆጠራውን ደግሞ መስመሩን ከነቁጥሩ ጻፊው።