አንዱን የምናብ መጽሐፍ ደጋግማ የምታነብ ልጅ፦ እንከልክላት ወይስ እናግዛት?

የጠባሴዋ አክስት

ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን 6ኛ ክፍል ትማራለች። ወደ አማርኛ የተተረጎመ አንድ የምናብ ልብ ወለድ አላት፤ አስማት፣ የሚናገሩ እንስሳት፣ ረጅም ጉዞ ያለበት። ስትጨርሰው ተመልሳ ከመጀመሪያው ገጽ ትጀምራለች። ጀርባው ተሰንጥቆ ወረቀቶቹ እየተነቀሉ ነው። ሰሞኑን ደግሞ «እኔም እንዲህ ያለ እጽፋለሁ» ብላ ደብተር ይዛለች። አባቷ ክልላዊ ፈተና ስለሚጠብቃት መጽሐፉ ይቆለፍበት ይላል፤ አያቷ የአስማቱ ነገር አላማራቸውም። አንዱን መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ ጉዳት አለው? ቤት ውስጥስ መጠገን ይቻላል? መጻፉንስ በምን ላግዛት?

መጽሐፍ አዋሽ

እህቴ፣ አትቆልፉባት። ልጅ አንድን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነብ የሚያስሮጣት «ቀጥሎ ምን ሆነ?» የሚለው ነው፤ የቦታውን ገለጻ፣ የሰዉን አነጋገር እየዘለለች ታልፋለች። መጨረሻውን ካወቀች ጥድፊያው ይቀርላትና ቃላቱን ማየት ትጀምራለች። ደራሲው በ3ኛው ምዕራፍ እንደ ዋዛ ያነሳት ቁልፍ በ20ኛው ላይ በር እንደምትከፍት የሚገባት ያኔ ነው።

እያደገችበት መሆኑን ለማወቅ «ኋላ የሚሆነው ነገር ቀድሞ የተጠቆመበትን ቦታ አሳዪኝ» በያት። ገልጣ ካሳየችሽ አጻጻፉንም እያየች ነው። ሁልጊዜ የምትመለሰው ወደ አንድ ምዕራፍ ብቻ ከሆነ እያረፈችበት ነው፤ እሱም ክፉ አይደለም፣ ግን ጎን ለጎን ሌላ መጽሐፍ ያስፈልጋታል። የወደደችው ጉዞውን ከሆነ የተጓዦችን ታሪክ፣ እንስሳቱን ከሆነ ስለ ዱር አራዊት የተጻፈ ፈልጊላት። ከአዲሱ መጽሐፍ መሃል አንድ ገጽ አስነብቢያት፤ ከ5 በላይ የማታውቀው ቃል ከገጠማት ለጊዜው ይከብዳታል። የድሮውን ግን አትውሰጂባት፤ አዲሱ ቅጣት ይመስላትና ትጠላዋለች።

ፈተናውን በተመለከተ፣ መጽሐፉን መሸለሚያም መቅጫም አታድርጉት። ጥናት ካለቀ በኋላ ማታ 30 ደቂቃ ይበቃታል። የአማርኛ ምንባብ ጥያቄ የሚፈልገውም ይህንኑ ችሎታ ነው፤ ፍሬ ሐሳቡን መያዝ፣ የቃሉን ፍቺ ከዐውዱ ማውጣት።

ለአያቷ ልጅቷ ራሷ ታሪኩን ትተርክላቸው፤ እሳቸውም የአያ ጅቦን ተረት ይመልሱላት። ጅብ ሲናገር፣ ጦጣ ስትፈርድ እየሰማ ያደገ ልጅ ተረትን ከእውነት ይለያል። ከእምነታችሁ ጋር የማይሄድ ነገር ሲመጣ እዚያው ገጹ ላይ ተነጋገሩበት እንጂ በዝምታ አትለፉት።

ጠራዥ ከደብረ ሲና

ጥገናው ይቻላል። የወረቀት ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ በብርድ ይደርቃል፤ በውርጭ ጠዋት ለጥ አድርጎ መክፈት ይሰነጥቀዋል። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ሲላጥም ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ሱፐር ግሉም አይሆንም፤ ደርቆ ይሰበራል።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ የቁስል ሻሽ፣ ጠንካራ የጥጥ ክር፣ ብሩሽ፣ ሁለት ጣውላና ብርጭቆ ወረቀት አዘጋጁ። ሽፋኑን አላቃችሁ የድሮውን ሙጫ ፍቁ። ወረቀቶቹን በገጽ ቁጥራቸው ደርድሩና ሁለት ጊዜ ቁጠሩ፤ ከተጣበቀ በኋላ መመለሻ የለውም። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በሁለቱ ጣውላ መካከል ጥብቅ ይበል። በብረት መጋዝ ጀርባው ላይ 5 ቦታ፣ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር አውጡ። ኮላ ቀብታችሁ በየመስመሩ ክር አስገቡ፤ ላዩን ስስ አድርጋችሁ ድገሙት። ኮላ ከበዛ በገጾቹ መካከል ይገባና መጽሐፉ አይከፈትም። ከጀርባው በግራም በቀኝም 2 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ሻሽ አልብሱትና ሽፋኑን በላዩ መልሱ። በሽፋኑና በመጀመሪያው ገጽ መካከል ፌስታል ማስገባት አትርሱ። ከባድ ነገር ጭናችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ለማፍጠን ብላችሁ እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት ወረቀቱ ይጣመማል።

የብራና መጻሕፍት ገበታቸው እንጨት ሆኖ በክር ስለሚሰፉ ነው ዘመን የሚሻገሩት፤ ክሩን የምጨምረውም ለዚሁ ነው።

መምህር ከመሐል ሜዳ

እኔ ስለ መጻፉ ልበል፤ ዋናው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጆች ሰባት ክፍል ያለው ታሪክ አቅደው 10ኛው ገጽ ላይ ያቆማሉ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ መንግሥታቱንና ስሞቹን ደርድረው የሚፈታ ችግር ሳያስገቡ ስለሚጀምሩ ነው። የመጀመሪያው ታሪክ ሁለት የደብተር ገጽ ይሁን፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ አስማት፣ ግን ያለቀ።

ከዚያ በፊት ከምትወደው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ በእጇ ትገልብጥ። በማግስቱ ሳታይ ከትዝታዋ ትጻፈው፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጥ። ደራሲው በአንድ ግስ የጨረሰውን እሷ በሦስት ቅጽል ያስረዘመችበትን ቦታ ራሷ ታገኘዋለች።

ለአስማቱ ሦስት ጥያቄ ትመልስ። ምን ማድረግ ይችላል? ምን አይችልም? የሚጠቀምበት ሰው ምን ያጣል? ሦስተኛው ከሌለ ጀግናዋ ሁሉን ነገር በአንድ ቃል ትፈታውና ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

ቦታው ላይ በርቱ። ልጆች ካነበቡት እየወሰዱ ያላዩትን ግንብና በረዶ ይጽፋሉ፤ ስላላዩትም ገለጻው ባዶ ይሆናል። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ጓሳ የሚባል የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮ ቀኑን ሣር ሲነጭ ውሎ ሲመሽ ገደሉን ወርዶ ጠርዝ ላይ ያድራል፤ ወንዱ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው። ቀይ ቀበሮ በጠራራ ቀን አይጥ ያድናል። አጥንት ከሰማይ ጥሎ ድንጋይ ላይ የሚሰብር ትልቅ አሞራ አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የእሷ ድርሻ አንዷን ነገር ብቻ መቀየር ነው። የጭላዳው ደረት የሚቀላው አጠገቡ ሰው ሲዋሽ ቢሆንስ? ሊጠይቀው የሚሄደውስ ምን ይከፍላል? መልሱን ለእሷ ተዉላት።

ካርታም ትሥራ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀን 30 የምትሄድ ልጅ ሁለት ቀን ይፈጅባታል። የት ታድራለች? በሶ ትይዛለች ወይስ ዳቦ ቆሎ? ደብረ ሲና ከመድረሷ በፊት፣ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ጉም ከቆላው ሲወጣ መንገዱን እንዴት ታያለች? የጀማሪ ጀግኖች ሳይርባቸውና ሳይበርዳቸው ስለሚደርሱ ነው ጉዟቸው የማይታመነው።

የጠባሴዋ አክስት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፊደል ስህተቷንስ አሁኑኑ ላርምላት? ደብተሩን ማሳየትም አትፈልግም።

መምህር ከመሐል ሜዳ

ተደብቀሽ አታንብቢ፤ ካወቀች መጻፏን ትተዋለች። ስትፈቅድልሽ ራሷ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ የምትደናቀፍበት ዓረፍተ ነገር መስተካከል ያለበት ነው፣ እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት ታድርግ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ፊደል አይታረምም። በሁለተኛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ እዩ፤ መጀመሪያ አራት ነጥቡን፣ ሌላ ቀን የግሱንና የባለቤቱን ስምምነት። የሀ፣ ሐ እና ኀ ነገር መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በግራ በኩል ያለውን ገጽ ባዶ እየተወች በቀኙ ብቻ ትጻፍ፤ እርማቱ በግራው ይሰፍራል፣ መሰረዝና መቅደድም አይኖርም።