የእናቴ የታው ጂን ውጤት «ቤናይን» ይላል፣ እኛ ልጆቿ እንመርመር?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ነው ያለችው፣ 71 ዓመቷ ነው፣ መርሳት ጀምራለች፣ ቡናውን ሦስተኛ ድረስ አጠጥታን ሲኒውን አጥባ ጨርሳ «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ትለኛለች። ኒውሮሎጂስቱ የጂን ምርመራ አዘዘላትና ኤምኤፒቲ በሚባለው የታው ጂን «ላይ ቫሪያንት (ልዩነት)፣ ቤናይን» የሚል መጣ። ታላቅ እህቴ ታው የአልዛይመር ፕሮቲን ነው ሲባል ዩቲዩብ ላይ ሰምታ እንቅልፍ አጣች፣ ሁላችንም እንመርመር እያለች ነው። ቀጠሯችን ገና ነው፣ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ በናታችሁ።

ላብ የምሠራው፦
ተረጋጉ እህቴ። ቤናይን ማለት በሽታ የማያመጣ ልዩነት ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደዛ የሚባለውም ጤነኛ ሰዎች ላይም በብዛት ስለሚገኝ ነው፣ እንዲያውም ብዙ ላቦች ሪፖርት ላይ አያወጡትም። የሚያሳስበው «ፓቶጀኒክ» (በሽታ አምጪ) ወይም «ላይክሊ ፓቶጀኒክ» ካለ ነው፣ «ቪዩኤስ» ካለ ደግሞ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ልጅ ሊወርሰው ይችላል፣ ቢወርሰውም ምንም አይደለም። እህትሽ የሰማችው ግማሹ እውነት ነው፣ አልዛይመር ላይ ታው ነርቭ ሴሉ ውስጥ ይጠራቀማል ግን የታው ጂኑ ራሱ ደህና ሆኖ ነው። ጂኑ ሲበላሽ የሚያመጣው በ1998 የታወቀውን የፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ (የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚጎዳ የአእምሮ መድከም በሽታ) ዓይነት ነው፣ ለምሳሌ ፒ301ኤል የሚባለው የጂን ብልሽት፣ በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት በጠባይ መለወጥ ወይ በንግግር ነው የሚጀምረው።

አቤል፦
ቤናይን ከሆነ ታዲያ ለምን ይረሳሉ?

ነርስ ነኝ (ቨርጂኒያ)፦
ያ ቫሪያንት መንስኤው አይደለም ተባለ እንጂ ዲሜንሺያ የለባቸውም አልተባለም። አብዛኛው አልዛይመር በአንድ ጂን ብልሽት የሚመጣ አይደለም። እኔ ብሆን ጂኑን ትቼ ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ስኳርና ደም ግፊት ታይቶላቸዋል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ጆሯቸውንም አስለኪላቸው፣ የማይሰማ ሰው የረሳ ይመስላል፣ በዛ ላይ በ2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ካወጣቸው 14 ልንከላከላቸው ከምንችላቸው የዲሜንሺያ አጋላጮች አንዱ የመስማት ችግር ነው። ሌላ ደግሞ ለእንቅልፍ የሚወስዱት ነገር አለ? ቤናድሪል ያለበት ኪኒን ሽማግሌን ያደነዛዝዛል።

ጠያቂ፦
ኧረ አለ! ማታ ማታ «ፒኤም» የሚል የተጻፈበት ማስታገሻ ትውጣለች፣ ካርቶኑን አሁን ሳየው ዳይፈንሃይድራሚን ይላል።

ነርስ ነኝ፦
እሱ ነው የቤናድሪሉ መድኃኒት። ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ነገ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ የምትውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም።

ዲሲ ያለሁት፦
እህትሽ የግድ ልመርመር ካለች መጀመሪያ ኢንሹራንሷን ታስብ። እዚህ አሜሪካ በጂን ምክንያት መድልዎን የሚከለክለው የ2008ቱ ጊና የሚባል ሕግ ለጤና ኢንሹራንስና ለሥራ ይከላከልልሻል፣ የሕይወት ኢንሹራንስንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤን ግን አይነካም። በፖስታ ምራቅ ልካ የሚመጣላትን ጥሬ ዳታ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ እየጫነች እንዳትተነትን፣ ሐሰተኛ ውጤት በብዛት አለው።

ላብ የምሠራው፦
ለዶክተሩ የምትጠይቂው አንድ ነገር ልጨምር፣ የታየው ኤምኤፒቲ ብቻ ነው ወይስ ሲበላሹ በዘር የሚወረስ አልዛይመር የሚያመጡት ፕሬሰኒሊንና ኤፒፒ የሚባሉት ጂኖችም አሉበት? አንድ ጂን ብቻ ከሆነ የታየው ስለሌላው ምንም አልተባለም። ለእህትሽ ግን በእናቷ ቤናይን ውጤት የተነሳ የምትመረመረው ነገር የለም።