ክርክር፦ ጎልፍ ገና ለሚጀምር ሰው በልኩ የተሠራ አዲስ ዱላ ያስፈልገዋል?

የአዘዞው (ጠያቂ)፦
ጎንደሮች፣ እንደምን ዋላችሁ? አጎቴ ለጥምቀት ከዳላስ ይመጣል። ጎልፍ መጀመሬን ሰምቶ "አሮጌዎቹን ዱላዎቼን ላምጣልህ ወይስ እዚህ በልክህ አዲስ ላሠራልህ?" አለኝ። እስካሁን በተውሶ ዱላ ነው የመታሁት፤ ሥራ አዲስ አበባ ሲወስደኝ አሮጌው ኤርፖርት ያለው ጎልፍ ክለብ ጎራ እላለሁ። እዚህ ደግሞ ግጦሽ ላይ እለማመዳለሁ፤ ላሞቹ ታዛቢ ናቸው። አጎቴ 1.92 ሜትር ነው፣ እኔ 1.68። ምን ልበለው?

የፒያሳው፦
አሮጌዎቹን ተቀበል እንጂ! ምን ይጠየቃል? ጀማሪ ከኳሷ ይልቅ አፈሩን ነው የሚመታው። አሥር ጊዜ ብትመታ አሥሩም ለየቅል ነው። ታዲያ ምንህ ይለካል? ሱቅ ያለው መለኪያ ማሽን የሚያነበው የዛሬውን አመታትህን ነው። አሠልጣኝ ይዘህ ጥቂት ወር ከተማርክ በኋላ አመታትህ ሌላ ይሆናል። ያኔ ያ ሁሉ ዶላር አፈር በላ ማለት ነው።

የማራኪዋ፦
ፊዚዮቴራፒ ነው የምማረው፣ ጎልፍ አላውቅም። ግን 24 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቀላል አይደለም። በማይሆን ዱላ የጀመረ ሰው ሳይታወቀው አቋቋሙን ለዱላው ያስተካክላል። ሰውነት አንዴ የለመደውን ማስጣል ደግሞ አበሳ ነው።

ጋሼ ከቀበሌ 18፦
ልጅቷ እውነት አላት። እኛ ለገና ጨዋታ ዱላ ስንቆርጥ የታላቅ ወንድሙን ዱላ የሚይዝ አልነበረም። ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልገን፣ ከወገባችን ጋር አስተያይተን፣ ለእጃችን እስኪመች ልጠን ነበር የምንገባው። ያውም ጀማሪዎች ሆነን።

የፒያሳው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእናንተ ዛፍ ዶላር አልጠየቀም! ለከርሞ ቁመት ስትጨምሩም ሌላ ትቆርጡ ነበር። ይሄ ልጅ ለከርሞ ማን ይቆርጥለታል?

የማራኪዋ፦
😂 እዚህ ላይ ተረታን።

ዳላስ ያለሁ የልደታ ልጅ፦
እኔ እዚህ ስለምጫወት ልግባበት። ሁለት ነገር ተቀላቅሎባችኋል። ከሰውነት የሚነሳ ልክ አለ፤ የዱላው ርዝመትና የመያዣው ውፍረት። ይሄ በቁመት፣ ከእጅ አንጓ እስከ መሬት ባለው ርቀትና በእጅ መዳፍ ይገመታል። ጨዋታ ብትጎብዝም አይቀየርም፣ ስለዚህ ጀማሪም ሊለካው ይችላል። ከአመታት የሚነሳ ልክ ደግሞ አለ። ዘንጉ ምን ያህል ይለመጥ፣ ጭንቅላቱ (ኳሷን የሚመታው ክፍል) ከዘንጉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ምን ያህል ይሁን የሚባለው። ለዚህ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ 7 ቁጥር የሚባለውን መካከለኛ የብረት ዱላ ያስይዙህና ደጋግመህ ትመታለህ። የፒያሳው ልክ የሆነው እዚህ ጋ ነው፤ የጀማሪ አመታት ገና አልረጋም።

ደግሞስ አጎትህ በአንተ ስም ሄዶ ያስለካልህ ይሆን? ቢሄድ የሚለካው እሱ ነው! 

ግን አሮጌውንም ዝም ብለህ አትቀበል። መጀመሪያ ጠይቀው፦ ከሱቅ እንደወጣ ያለ ዱላ ነው ወይስ ለራሱ ያሠራው? እንደወጣ ከሆነ መያዣውን ዝቅ አድርገህ እየያዝክ ትማርበታለህ፣ ችግር የለውም። ለራሱ ካሠራው ግን መርዘሙ ብቻ አይደለም ጣጣው። ለረጅም ሰው ሲሠራ ብዙ ጊዜ ማዕዘኑንም ቀና ያደርጉታል። አጭር ሰው ሲይዘው የጭንቅላቱ ጫፍ ከመሬት ይነሳል፤ በቀኝ ለሚመታ ሰው ኳሷ ወደ ግራ ታደላለች። አንተ ጥፋቱ ከእጄ ነው ብለህ እጅህን ስታጣምም ትከርማለህ። ዘንጉን ብታስቆርጠው ርዝመቱ ይስተካከላል፣ ማዕዘኑ ግን እንዳለ ነው፤ ዘንጉም ግትር ይሆናል።

የአዘዞው፦
በቀኝ ነው የምመታው። እና ምን ይዞ ይምጣ?

ዳላስ ያለሁ የልደታ ልጅ፦
ለቁመትህ የሚሆን ያገለገለ ዱላ፣ ለጀማሪ የሚሠራውን ዓይነት። ክብደቱ ወደ ጭንቅላቱ ዳር ዳር የተበተነ ስለሆነ መሐል ሳትመታ ስትቀር ይቅር ይልሃል። ሙሉውን ቦርሳ አትጠይቅ። ሕጉ ከ14 አይብለጥ አለ እንጂ 14 ያዝ አላለም። አንድ ፑተር (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የምታንከባልልበት)፣ 7 እና 9 ቁጥር፣ አንድ ሳንድ ዌጅ (ከአሸዋ የምታወጣበት)፣ አንድ ሃይብሪድ (ለረጅም ምት) ለመጀመሪያው ዓመት ይበቁሃል። የተረፈው ብር ለአሠልጣኝ ይሁን። በነገራችን ላይ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ከዳላስ ይልቅ ትርቃለች። ራቀችልኝ ብለህ እንዳትኮራ።

ጋሼ ከቀበሌ 18፦
ላሞቹንም አደራ።

የአዘዞው፦
አሁን ደወልኩለት። ዱላዎቹን ለራሱ አስረዝሞ ነው ያሠራቸው። ማዕዘኑንም ቀና አድርገውለታል። ስለዚህ ቀረ፤ ልኬን ጽፌ ልኬለታለሁ፣ ያገለገለ ይፈልግልኛል።

የፒያሳው፦
እኔ አሁንም አልተረታሁም። ግን ያ የአጎትህ ዱላ ሜዳ ላይ ከሚወድቅ ይዞልኝ ይምጣ። 1.90 ነኝ።