ሰንጢ ሲከፈት "ቀጭ" ካላለ አልተቆለፈም ማለት ነው?

ዓባይ_ማዶ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ባህርዳር ነኝ፣ ሐይቁ ዳር አሳ ስራ ላይ ነው የምውለው። ሁለት ሰንጢ አለኝ አንዱ የቆየ ነው፣ ከጀርባው ያለውን ብረት ተጭነህ የምታጥፈው አይነት፣ ድሮ ሲከፈት "ቀጭ!" ሲል ታንኳ ላይ ያለ ሰው ዞር ብሎ ያይህ ነበር አሁን ግን ድምፁ ድፍን ብሏል፣ ይሄ አንሶ ገመድ ስቆርጥ ጠንከር አርጌ ስጫነው ከውስጥ "ጠቅ" ይላል መዳፌ ላይ ይታወቀኛል። ሁለተኛው አዲስ ነው ውጭ ያለ ዘመድ የላከልኝ፣ ውስጡ ያለውን ቀጭን ላሜራ በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፍተህ የምታጥፈው፣ እሱ ደሞ ሲከፈት ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ላጥፈው ስል ግን ላሜራው ይያዛል "ሲጥ" ብሎ ነው የሚለቀው። ገበያ ሰንጢ የሚሸጥ ልጅ ሳሳየው "ድምፅ የሌለው ሰንጢ ጣት ይበላል" አለኝ፣ እውነት ነው እንዴ? የቱን ልያዝ?

ሞረድ፦
ወንድማለም ያ ልጅ ጮክ የሚለውን መሸጥ ስለሚቀለው ነው። ድምፁ የሚመጣው ከሞላው ጉልበት፣ ከስለቱ ክብደት እና ከእጀታው ነው፣ መያዙን አይነግርህም። ምስክር ከፈለክ ያቺ ቀይዋ የስዊስ ቪክቶሪኖክስ አለች አይደል፣ ትንሿ ስለቷ "ቀጭ" ብላ ነው የምትቆመው ግን አብዛኞቹ ላይ ምንም ቁልፍ የላትም፣ ሞላው ብቻ ነው ገፍቶ የያዛት፣ ጀርባዋን ገፋ ካረካት ትታጠፋለች። እንጨት እጀታ ያለው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ደሞ በተቃራኒው ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1955 ጀምሮ አንገቱ ላይ በእጅ የሚዞር ቀለበት አለው፣ ቀለበቱ ዝም ብሎ ይዞራል ድምፅ የለውም ግን ስለቱን ጥርቅም አርጎ ይይዛል። አንዷ ትጮሃለች አትቆልፍም፣ አንዱ ዝም ይላል ይቆልፋል።

አንተ መፍራት ያለብህ አሮጌው ላይ ስትጫነው የሚመጣውን "ጠቅ" ነው። የኋላው ብረት መሀሉ ላይ በፒን ይወዛወዛል፣ ጭራውን ሞላ ወደላይ ሲገፋው አፍንጫው ወደታች ወርዶ ስለቱ ስር የተቆረጠው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ጎድጓዳው ውስጥ ነገር ካለ አፍንጫው እስከታች አይወርድም፣ ያኔ ድምፁም ድፍን ይላል ስትጫነውም ይንቀሳቀሳል። ሰንጢውን ክፈትና ከጎን በብርሃን እየው፣ ወደ ስለቱ በኩል ያለው የብረቱ ጫፍ ከእጀታው ጀርባ ጋር እኩል ካልሆነ ወይም የጥፍር ውፍረት ያህል ብቅ ብሎ ከቆመ ነገሩ እዛ ጋ ነው።

ግሽዓባይ፦
ይሄ ሁሉ ትንተና ለምን? ከፍተህ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ጧ ጧ አርጋት፣ ካልታጠፈች ደህና ናት ከታጠፈች ጣላት አለቀ

ሞረድ፦
@ግሽዓባይ አረ በማርያም እንዲህ አትምከር። መጀመሪያ ነገር ስትመታት ብትታጠፍ ጣትህ መንገዷ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛ ደህና የነበረችውንም አንተ ነህ የምታላላት፣ አፍንጫውና ጎድጓዳው የሚነካኩበት ቦታ ትንሽ ናት እየመታህ ታደቅቃታለህ። ዱላው ስራ ላይ የሚመጣ አይነት ጭነትም አይደለም። በጨርቅ ስለቱን ያዝ፣ ጣቶችህን ከሚታጠፍበት መስመር አውጣ፣ ከዛ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ወደ ታች ወደ ጎን ነቅንቅ በቃ።

እና አንድ ነገር፣ ይቺ ንቅንቅ ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት ግን አትደንግጥም። የሚይዝበት ቦታ ከማጠፊያው ፒን 6 ሚሊሜትር ቢርቅና የስለቱ ጫፍ 85 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ እዛ ያለችው የ0.1 ሚሊሜትር ክፍተት ጫፍ ላይ ስትደርስ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ትሆናለች። ለዛ ነው ጀርባ ላይ የሚቆለፉት ሰንጢዎች ደህና ሆነውም ቶሎ የሚነቃነቁ የሚመስሉት።

ቀረሶ_ጠባሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኦፒኔሉ አለኝ 8 ቁጥሩ፣ ስለቱ 8.5 ሴንቲ የሆነው፣ ቀረሶ አሳ ለመክፈት ጥሩ ነው። ግን ሞረድ ወንድሜ የረሳኸው ነገር አለ፣ እንጨት ነው እኮ! እዚህ ሐምሌ ነሐሴ ሲገባ፣ ደሞ ውሃ ዳር እጅህ ሳይደርቅ ስትይዘው፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስለቱን ከሁለት ጎን ያንቀዋል፣ በጥፍር አይወጣም ጥፍር ነው የሚወጣው 😂 የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ኳ ስታረገው ስለቱ ትንሽ ብቅ ይላል ያኔ ታወጣዋለህ። በጋ ላይ ያው ሰንጢ ላላ ይላል። ስለዚ "ጠበቀ" "ላላ" ስትሉ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፣ እንጨት እጀታ በህዳር የገዛ ሰው በነሐሴ ተበላሸ ብሎ እንዳይጥለው። እሳት ዳር ግን አታድርቁት ይሰነጠቃል፣ ጥላ ስር ከፍታችሁ ተዉት።

ዓባይ_ማዶ፦
እሽ እህታለም የኔው አሮጌ ግን እጀታው ፕላስቲክ ነው ማበጥ የለም። አዲሱስ? "ሲጥ" የሚለው?

የባጃጅ_መካኒክ፦
እሱ ላይነር ሎክ ነው የሚባለው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ነው አሁን የምናውቀውን ቅርፅ ያስያዘው። ሲከፈት ላሜራው ራሱ ሞላ ስለሆነ ወደ ጎን ተወርውሮ ስለቱ ቂጥ ላይ ይደገፋል፣ የስለቱ ቂጥ ትንሽ ሰያፍ ተደርጎ ነው የሚሞረደው ስለዚ ላሜራው እየበላ በሄደ ቁጥር ወደ ውስጥ ገባ እያለ ክፍተቱን ይሞላል፣ ያ ነው ብልሃቱ። ቀጭን ላሜራ ስለሆነና ጉዞው አጭር ስለሆነ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ምንም አይደል። አንተ ማየት ያለብህ ከፍተህ ከስሩ ላሜራው የስለቱ ቂጥ ላይ የት ጋ እንደቆመ ነው። ከስፋቱ ሩብ እስከ ግማሽ ድረስ ከገባ ሸጋ ነው። ጠርዙን ብቻ ነክቶ ከቆመ እሱን ነው የምትፈራው፣ ማዶ ካለው ግድግዳ ጋር ከተላተመ ደሞ በልቶ ጨርሷል።

"ሲጥ" የሚለው ብረትና ብረት ሲነካከሱ ነው አዲስ ላይ የተለመደ ነው። ላሜራውና ስለቱ የሚገናኙበትን ፊት በአልኮል ጥረግና በእርሳስ አጥቁረው፣ የተማሪ እርሳስ፣ ከዛ እየከፈትክ እየዘጋህ ትንሽ ስራበት። ዘይት እዛ ፊት ላይ አታብዛ። በሞረድ ወይ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው ሰያፉን ታበላሸዋለህ ከዛ መመለሻ የለውም።

የማጠፊያውን ብሎንም እየው፣ አጥብቀኸው ከሆነ ስለቱ እየጎተተ ነው የሚከፈተው ድምፁንም ይገለዋል። በኮከብ ካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያረክ ፍታው፣ ወደ ጎን መነቃነቅ ሲጀምር እዛ ጋ ቆም በልና ትንሽ መልስ።

ዓባይ_ማዶ፦
ሞረድ እጅህ ይባረክ!! ዛሬ አሮጌውን በብርሃን አየሁት የብረቱ አፍንጫ እንዳልከው ብቅ ብሎ ቆሟል፣ በላምባ ነክሬ በመርፌ ስቆፍረው ከጎድጓዳው የአሳ ቅርፊት ነው የወጣው፣ አንዱ ላይ አንዱ ተለጥፎ እንደ ቀንድ ደርቋል ደሞ ከስሩ የገመድ ጭረት። ታጥቦ ሲደርቅ "ቀጭ!" ብሎ ተመለሰ ስጫነውም "ጠቅ" የለም። ወደ ጎን ግን አሁንም ትንሽ ይነቃነቃል፣ ብሎን ፈልጌ አጣሁ

የባጃጅ_መካኒክ፦
ብሎን የለውማ፣ ሪቢት ነው፣ ጭንቅላቱ ተቀጥቅጦ የተያዘ ፒን። በመዶሻ ጭንቅላቱን ቀስ አርገህ መምታት ይቻላል ግን ካበዛኸው ስለቱ ይደርቅና አይከፈትም፣ ሪቢት ደሞ ወደኋላ አይመለስም። ወደ ላይና ወደ ታች እስካልተነቃነቀ ድረስ የጎኑን ተወው፣ ቀረሶ ለመክፈት ምንም አይልህም። ጠንካራ ገመድ ግን በአዲሱ ቁረጥ፣ ላሜራው ቦታው ላይ መቆሙን ካየህ በኋላ።

ቀረሶ_ጠባሽ፦
ዘይት ደሞ የምግብ ዘይት እንዳታረግ! ይደርቅና ሙጫ ይሆናል ቅርፊቱን እንደገና የሚለጥፍልህ እሱ ነው። ፋርማሲ ፈሳሽ ፓራፊን ይሸጣሉ፣ አንድ ጠብታ ማጠፊያው ላይ፣ ምግብ ቢነካም አያሳስብህም።

ግሽዓባይ፦
እሽ ጠረጴዛውን ትቻለሁ። ግን የኔዋ ስነቀንቃት ተዘግታ እያለች "ቅጭቅጭ" ትላለች እሱስ?

ሞረድ፦
የጀርባ ነው የላሜራ? ፎቶ ላክ፣ ከፍተህ አንድ ዘግተህ አንድ።